ኤስኬፕ ሩም በክፍል ውስጥ፦ ሁለቱ ሠርተው አራቱ ቆመው ካዩ ምን ይደረጋል?

የሒሳብ መምህርት (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ የሙያ ባልደረቦቼ። ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል ውስጥ የኤስኬፕ ሩም (የማምለጫ ክፍል) ጨዋታ አዘጋጅቼ ነበር፤ በቡድን እንቆቅልሽ እየፈቱ የተቆለፈውን የሚከፍቱበት ማለት ነው። እንዳሰብኩት አልሆነም፤ ልተወው ስል ደግሞ ልቤ እምቢ አለኝ። የሆነውን እንዳለ ልንገራችሁና የሞከራችሁ ካላችሁ ምከሩኝ።

የማስተምረው 7ኛ ክፍል ነው። ተማሪዎቼ 48 ናቸው፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ። ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መደመርና መቀነስ ጨርሰን ፈተና ከመድረሱ በፊት መከለስ ነበረብን። ሰሌዳ ላይ ሃያ ጥያቄ ደርድሬ «ሥሩ» ከምላቸው ብዬ፣ ስድስት ስድስት ሆነው በስምንት ቡድን እንዲቀመጡ አደረግኩ። ጠረጴዛዬ ላይ ባለ ሦስት አሃዝ የቁጥር ቁልፍ ያለው አንድ ሳጥን አስቀመጥኩ። እንቆቅልሾቹ አምስት ናቸው፤ አንዱን የፈታ ቡድን ቀጣዩን ይቀበላል፣ አምስተኛው የቁልፉን ቁጥር ያወጣል፣ ቀድሞ የከፈተ ያሸንፋል። ሦስት ሌሊት አምሽቼበታለሁ።

መጀመሪያ ላይ ክፍሉ እንደዚያ ሲነቃ አይቼ አላውቅም። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ግን በየቡድኑ ወረቀቱ በአንድ ልጅ እጅ ገባ፤ ያው ሁልጊዜ እጁን የሚያወጣው ልጅ። አጠገቡ ያለው አንገቱን አስግጎ ያያል። የቀሩት አራቱ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ሲሰለቻቸው ያወራሉ። አምስት ቡድኖች ሁለተኛው እንቆቅልሽ ላይ ተተክለው ቀሩ። ከእነዚህ አንዱ ቡድን ውስጥ ያሉ ሁለት ልጆች፣ እኔ ሌላ ጥግ ስረዳ፣ ሳጥኑ ጋ ሄደው ከ000 ጀምረው ቁጥሩን በተራ ማዞር ያዙ። ኮዱ 214 ነበር። አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይፈጅባቸው ከፈቱት። አንድም ክፍልፋይ ሳይደምሩ አሸነፉ፣ ክፍሉ አጨበጨበላቸው። ሳጥኑ ስለተከፈተ የቀሩት ሰባት ቡድኖች ወረቀታቸውን ጠረጴዛ ላይ ጣሉት።

በማግስቱ 2/3 + 1/4 ስንት ነው ብዬ በትንሽ ወረቀት ጠየቅኳቸው። 19 ልጆች 3/7 ብለው ጻፉ።

እንዳልተወው የያዘኝ አንድ ነገር ነው። ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ ተማሪ አለችኝ። ሦስተኛው እንቆቅልሽ ታጥፎ ብርሃን ላይ ሲያዝ ብቻ የሚነበብ ወረቀት ነበር። ቡድኗ ሲጨቃጨቅ እሷ ወረቀቱን ቀስ ብላ ወሰደች፣ አጠፈችው፣ መስኮቱ መስታወት ላይ ያዘችው። «ይኸው» አለች። ያቺን አንድ ቃል ለመስማት ስንት ወር ሞክሬያለሁ።

እንግዲህ ጥያቄዬ፦ ስድስቱም እንዲሠሩ ምን ላድርግ? ዝም ብሎ በመሞከር መክፈትንስ እንዴት ልከልክል? ከጨዋታው በኋላ ትምህርቱ እጃቸው ላይ እንዲቀርስ?

ሳጥን ሠሪ

እህቴ፣ ገና በመጀመሪያው ሙከራሽ ይህን ሁሉ ማስተዋልሽ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ይህን ጨዋታ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ እሠራበታለሁ፤ ያንቺን ስህተቶች ሁሉ አልፌባቸዋለሁ።

ዋናው ችግር ልጆቹ ጋ አይደለም፣ የእንቆቅልሾቹ አደራደር ነው። ስኮት ኒኮልሰን የሚባል የጨዋታ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2015 በ175 የማምለጫ ክፍሎች ላይ ባደረገው ጥናት እንቆቅልሾች የሚደረደሩባቸውን መንገዶች ለይቶ አስቀምጧል። አንዱ እንዳንቺ በሰልፍ ነው፤ አንዱ ካልተፈታ ሌላው አይታይም። ሌላው ክፍት ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ይወጣና የሁሉም መልስ አንድ ቦታ ይገናኛል። በሰልፍ ስትሰጪያቸው ለስድስት ልጅ በአንድ ጊዜ ያለው ሥራ አንድ ወረቀት ነው። አንድ ወረቀት ደግሞ ከሁለት ሰው በላይ አያሠራም። አራቱ ቆመው ያዩት ሰነፎች ስለሆኑ ሳይሆን የሚሠሩት ስለሌላቸው ነው።

ስለዚህ ስድስቱን በጥንድ ክፈያቸውና ለየጥንዱ የራሱን ጥያቄ ስጪ። ላንቺ ምዕራፍ እንዲህ አስቤዋለሁ። የመጀመሪያው ጥንድ 5/12 + 1/3 ይሠራል፣ 3/4 ያገኛል። ሁለተኛው 5/6 − 2/3 ሠርቶ 1/6 ያገኛል። ሦስተኛው 5/18 − 1/6 ሠርቶ 1/9 ያገኛል። ከዚያ ሦስቱ ጥንዶች መልሳቸውን አምጥተው አብረው ይደምሩታል። የጋራ ታህቱ 36 ነው፤ 27፣ 6 እና 4 ሲደመሩ 37/36 ይሆናል። የቁልፉ ቁጥር 3736። የአንዱ ጥንድ መልስ ከጎደለ ጎበዙ ልጅም ብቻውን ምንም አያደርግም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤሊየት አሮንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 በቴክሳስ ኦስቲን ትምህርት ቤቶች የጀመረው «ጂግሶው» የሚባለው ዘዴ መሠረቱ ይኸው ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ ሌሎቹ የሌላቸውን አንድ ቁራጭ ይይዛል፣ ስለዚህም ይፈለጋል።

መሞከርን በተመለከተ፣ ባለ ሦስት አሃዝ ቁልፍ 1,000 ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ለአንዱ ሦስት ሰከንድ ብንሰጥ ሁሉም በ50 ደቂቃ ያልቃል፤ ኮዱ ዝቅተኛ ከሆነ ደግሞ እንዳየሽው ነው። ባለ አራት አሃዝ 10,000 አለው፤ በዚያው ፍጥነት ከስምንት ሰዓት በላይ ይፈጃል። 3736 ጋ ለመድረስ ከ0000 የጀመረ ልጅ ሦስት ሰዓት ያስፈልገዋል። እኔ ግን አሁን አሁን ቁልፍ የምጠቀመው አልፎ አልፎ ነው። ቁልፉ እኔ ነኝ። ቡድኑ ቁጥሩን ይዞ ይመጣል፣ በዕጣ የወጣው አንድ ልጅ አንዷን እርምጃ ያስረዳኛል፣ ካስረዳኝ ይከፈትላቸዋል። ማን እንደሚወጣ ስለማያውቁ ከመምጣታቸው በፊት እርስ በርስ ሲያስጠኑ ታያቸዋለሽ።

የመጨረሻውና እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው፦ የተሳሳተው መልስም በር ይኑረው። ያ 3/7 የጻፉት 19 ልጆች ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምረው ነው። ይህን አስቀድመሽ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ ፖስታዎች ደርድሪ፤ በአንዱ ላይ 11/12፣ በሌላው 3/7 ጻፊበት። 11/12ን የከፈተ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። 3/7ን የከፈተ ደግሞ ውስጡ «2/3 ላይ ጨምረህ ከ2/3 ያነሰ ነገር እንዴት አገኘህ? ሁለት እኩል ወረቀት ውሰድ፣ አንዱን ለሦስት፣ ሌላውን ለአራት እጠፍ» የሚል ካርድ ያገኛል። ለ5/6 − 2/3 ተመሳሳዩ ስህተት 3/3፣ ማለትም 1 ይሰጣል፤ ከ5/6 ቀንሶ 1 ያገኘ ልጅ ካርዱን ሲያነብ ፊቱን እይው።

የሰላሳ ዓመት መምህር

ሁለታችሁንም አከብራለሁ፤ ልጆቻችሁ ዕድለኞች ናቸው። ቢሆንም አንድ ስጋት ልናገር፤ እህቴ መምህርት፣ እርስዎም ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

ይህ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2007 በጃፓን ኪዮቶ በታካኦ ካቶ ሲጀመር ለመዝናኛ ነበር። በመዝናኛ ጨዋታ ደስታው መደበቁ ላይ ነው፤ ፈልጎ ማግኘት፣ ማጠፍ፣ ብርሃን ላይ መያዝ። ክፍል ውስጥ ግን የልጁ አእምሮ በአንድ ጊዜ መሸከም የሚችለው የተወሰነ ነው። የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆን ስዌለር እ.ኤ.አ. በ1988 የጻፈው ይህንኑ ነው፤ ልጁ መንገዱን ፍለጋ ላይ ጉልበቱን ከጨረሰ ለመማር የሚተርፈው ትንሽ ነው። ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ጓደኛው ይጮሃል፣ ወረቀቱ ምስጢር ነው፣ በዚያ ላይ የጋራ ብዜት ፈልግ ይባላል። የእርስዎ አምስት ቡድኖች ሁለተኛው ላይ የቆሙት ክፍልፋዩ ከብዷቸው ነው ወይስ ወረቀቱ ምን እንደሚጠይቅ ስላልገባቸው? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል።

በዚህ ምክንያት አዲስ ትምህርት በዚህ መንገድ መስጠትን አልደግፍም። ለክለሳ ይሁን፣ እሱም የሚደበቀው ነገር ተቀንሶ። አንድ እንቆቅልሽ ከማዘጋጀታችሁ በፊት «ይህን ለመፍታት የሚያስፈልገው ትምህርቱ ነው ወይስ ብልጠት?» ብላችሁ ጠይቁ። ብልጠት ብቻ ከሆነ አውጡት።

የሒሳብ መምህርት (ጠያቂ)

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። ሁለተኛውን ወረቀት አሁን አውጥቼ አየሁት። ጥያቄው ራሱ በመስተዋት እንጂ በቀጥታ እንዳይነበብ ተገልብጦ የተጻፈ ነበር፤ መስተዋት ደግሞ ያስቀመጥኩት አንድ ብቻ። ያስቆማቸው ክፍልፋዩ አልነበረም። ብርሃን ላይ የሚያዘውን ወረቀት ግን ለማውጣት እጄ ይከብደኛል፤ ያቺ ልጅ የተናገረችው በእሱ ነውና።

የሰላሳ ዓመት መምህር

እሱንስ አታውጪው ልጄ። አንዱ ይቅር። እኔ ያልኩት አምስቱም እንደዚያ እንዳይሆኑ ነው።

የፊደል ገበታ

እኔ አማርኛ ነው የማስተምረው፤ 5ኛ እና 6ኛ ክፍል። ከውጭ የሚገኙት የዚህ ጨዋታ መመሪያዎች በሙሉ ማለት ይቻላል የላቲን ፊደልን ሦስት ቦታ ወደፊት የመግፋት ምስጢራዊ ጽሑፍ ይጠቀማሉ፤ ዩልየስ ቄሳር ይጠቀምበት የነበረው ነው። በእኛ ፊደል ግን ሲገፋ ውበት የለውም። እኛ ጋ ከዚያ የሚሻል ነገር አለ፦ ገበታው ራሱ።

33 ረድፍ፣ 7 ዓምድ። እያንዳንዱ ሆሄ የቤት ቁጥር አለው ማለት ነው። 2-5 ካልኳችሁ ሁለተኛው ረድፍ «ለ»፣ አምስተኛው ዓምድ ኀምስ፤ ስለዚህ «ሌ»። 24-4 «ዳ» ነው። ልጆቹ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያሉ በጣታቸው ገበታው ላይ ሲሮጡ ማየት በጣም ደስ ይላል፤ በሌላ ቀን ቁጭ ብለው የማይሸመድዱትን የሆሄያት ቅደም ተከተል በሃያ ደቂቃ ይለምዱታል። ሒሳብ ላይም ይሠራል፤ የጥያቄው መልስ የረድፍና የዓምድ ቁጥር ይሁን፣ ሆሄ ይወጣል።

አንድ ጥንቃቄ። ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ሆሄያት ተጠንቀቁ። አንድ ጊዜ መልሱ «ሰሌዳ» የሆነ እንቆቅልሽ ሰጥቼ፣ አንድ ቡድን ራሱ እንቆቅልሽ ሠርቶ ለሌላው ቡድን እንዲልክ አዘዝኩ። የላኩት 5-1 ብሎ የሚጀምር ነበር፤ ማለትም «ሠሌዳ»። ተቀባዮቹ «ስህተት ነው» አሉ፣ ላኪዎቹ «ያው ነው» አሉ፣ ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም። ጨዋታውን አቁሜ የቀረውን ጊዜ በሰ እና ሠ፣ በሀ፣ ሐ እና ኀ ላይ ተወያየንበት። ያልታቀደ ትምህርት ሆነ፤ ግን እናንተ ሒሳብ ላይ ስትጠቀሙበት ጊዜያችሁን ይበላባችኋል። ገበታውን በየጠረጴዛው አስቀምጡ፣ በቃል አውጡ አትበሏቸው።

ደግሞም እህቴ፣ ቡድኖቹን አታወዳድሪያቸው። ስምንት ቡድን አይደሉ? ለየቡድኑ አንድ ሆሄ ስጪ። «ከሰሌዳው ጀርባ» ስምንት ሆሄ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። 17-1፣ 7-1፣ 2-5፣ 24-4፣ 19-6፣ 25-1፣ 6-6፣ 10-4። ቀድሞ የጨረሰ ቡድን ሆሄውን ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፣ ግን የቀሩት ሳይጨርሱ ቃሉ አይነበብም። ያኔ የጨረሱት ምን እንደሚያደርጉ ታያለሽ፤ ሳይታዘዙ ሄደው ይረዳሉ።

ላብራቶሪ ውስጥ

አጭር ነገር ልጨምር፤ ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ።

በሩን በምንም ዓይነት አትቆልፉ። ለቀልድም ቢሆን፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 በፖላንድ ኮሻሊን ከተማ በአንድ የማምለጫ ክፍል እሳት ተነስቶ አምስት የ15 ዓመት ልጃገረዶች መውጣት አቅቷቸው ሞተዋል። እኔ ከዚያ ወዲህ «ታግታችኋል፣ አምልጡ» የሚል ታሪክ እንኳ አልጽፍም። ሳጥን ይከፈት፣ መድኃኒት ይገኝ፣ የጠፋ ደብተር ይፈለግ፤ ልጅ ግን አይቆለፍ።

ጊዜን በተመለከተ፣ 40 ደቂቃ ካለሽ ጨዋታው ከ22 ደቂቃ አይለፍ። ለማስረዳት 4፣ ዕቃ ለመሰብሰብ 2። የቀሩት 12 ደቂቃዎች የማይነኩ ናቸው፤ ትምህርቱ ያለው እዚያ ነው። ልጆቹ ወደ ቦታቸው ይመለሱና «የቱ ጋ ተቸገራችሁ? ምን ብላችሁ አለፋችሁት?» ተብለው ይናገሩ። ከዚያ እያንዳንዱ ብቻውን አንድ ጥያቄ በትንሽ ወረቀት ይሥራ። ያንቺ የማግስቱ ወረቀት ትክክለኛ ነገር ነበር፤ በዚያው ሰዓት ሲሆን ግን ስህተቱን ገና ትኩስ እያለ ትይዢዋለሽ። ሰዓቱ እያለቀ ሳጥኑ ባይከፈትስ? አንቺው ክፈቺውና ወደ ውይይቱ ግቡ። ሳጥኑ እስኪከፈት ብዬ ውይይቱን የሠዋሁባቸው ቀናት በሙሉ ይቆጩኛል።

ፍንጭ ስትሰጪ ደግሞ ለየቡድኑ ሁለት የፍንጭ ካርድ አስቀድመሽ አድይ፤ መቼ እንደሚጠቀሙበት ራሳቸው ይወስኑ። ያለዚያ ከፍ አድርጎ የሚጮኸው ቡድን ሁሉንም ፍንጭ ይወስድብሻል።

ዕቃ የሌለኝ

ኮምፒውተር ያለው ክፍል ላላቸው፦ ጉግል ፎርም ላይ የሚጻፈው መልስ ትክክል ካልሆነ ወደ ቀጣዩ ገጽ እንዳያሳልፍ ማድረግ ይቻላል፤ ቁልፍም ሳጥንም አያስፈልግም። ግን ልብ በሉ፣ አንድ ስክሪን እንደ አንድ ወረቀት ነው፤ ያው አንድ ልጅ ይይዘዋል። ለየጥንዱ አንድ ካልተገኘ ወረቀቱ ይሻላል። እኔ ፎርሙን ለብቻቸው ቤት ለሚሠሩት ክለሳ ነው የምጠቀምበት።

የሒሳብ መምህርት (ጠያቂ)

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የሆነውን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

በዚያው ምዕራፍ ደገምኩት። ሳጥኑንና ቁልፉን ተውኩ። ሦስት ጥንድ በየቡድኑ፣ ሦስቱ ጥያቄዎች ልክ ሳጥን ሠሪ እንደጻፈው፣ ለጎረቤት ቡድን ደግሞ ሌላ ቁጥር። ፖስታዎቹን በየጥንዱ ሁለት ሁለት አደረግኩ፤ አንዱ ለትክክለኛው መልስ፣ አንዱ ለዚያ ለለመዱት ስህተት። የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ የመጣ ቡድን በዕጣ በወጣው ልጅ አንደበት አስረድቶ የሆሄውን ቁጥር ይቀበላል። ገበታው በየጠረጴዛው ነበር።

ከ24ቱ ጥንዶች 13ቱ መጀመሪያ የስህተቱን ፖስታ ነው የከፈቱት። ሳየው ደነገጥኩ፣ ቀጥዬ ደስ አለኝ፤ በሌላ ቀን ቢሆን ይህን የማውቀው ፈተና ሳርም ነበር። ወረቀቱን ለሦስትና ለአራት አጥፈው ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ «ቁራጮቹ እኩል አይደሉማ!» ያለው ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሒሳብ አይገባኝም ሲለኝ የነበረ ነው።

በዕጣ ማስረዳቱ ከባድ ነበር። አንድ ልጅ አራት ጊዜ ተመለሰ። አራተኛው ላይ ጓደኞቹ እንዳይሰሙ ዝቅ ባለ ድምፅ አስረዳኝ፣ ትክክል ነበር፣ ሆሄውን ሰጠሁት። እዚህ ላይ ጊዜዬ አለቀ፤ ስምንት ቡድን በአንድ መምህር ፊት መሰለፍ የለበትም። በሚቀጥለው ጊዜ ቀድመው ከጨረሱት ሁለት ልጆችን ከእኔ ጋር አድማጭ አደርጋለሁ።

ሰሌዳው ላይ ስድስት ሆሄ ተጽፎ ሁለት ሲቀር ክፍሉ ዝም አለ። «ከሰሌዳ_ ጀ_ባ» የሚል ነው የሚታየው። ቃሉን ሁሉም ገምቶታል፣ ግን ማንም ሰሌዳው ጋ አልሄደም። የቀሩት ሁለቱ ቡድኖች እስኪጨርሱ ጠበቋቸው፤ አምስት ስድስት ልጆች ሄደው ጠረጴዛቸው ላይ ተደፉ። ይህን አላዘዝኩም፣ የፊደል ገበታ እንዳለችው ነው የሆነው። ጨዋታው 27 ደቂቃ ፈጀ፤ ውይይቱን ወደ 7 ደቂቃ አሳጠርኩት፣ ይህ ጥፋቴ ነው።

ከመውጣታቸው በፊት ለየብቻቸው በሠሩት ትንሽ ወረቀት ላይ ታህት ከታህት የደመሩት 7 ልጆች ናቸው። ስማቸውን ጽፌ ይዤአለሁ፤ በማግስቱ ከሰባቱ ጋር ወረቀት ስናጥፍ አረፈድን።

ከሰሌዳው ጀርባ ስምንት ባዶ ፖስታ ነበር። ለአስርዮሽ ምዕራፍ የሚሆነውን እንቆቅልሽ እነሱ ሠርተው ፖስታው ውስጥ እንዲያስገቡ። እስካሁን የገባልኝ የአንድ ቡድን ብቻ ነው። ጥያቄው 0.25ን እና 1/4ን የሚያገናኝ ሲሆን፣ ወረቀቱ የሚነበበው ታጥፎ መስኮት ላይ ሲያዝ ነው። ማን እንደሠራው አልጠየቅኩም፤ የእጅ ጽሑፏን አውቀዋለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ ሳጥን ሠሪ፣ ለአስርዮሽ የስህተቱ ፖስታ ላይ ምን ትጽፋለህ? እኔ ያሰብኩት 0.3 + 0.12 = 0.15 ነው፤ ነጥቡን ትተው ከቀኝ አሰልፈው ስለሚደምሩ። ከዚህ የበለጠ የሚያዘወትሩት ስህተት ካለ ንገረኝ።

ሳጥን ሠሪ

እሱ ጥሩ ነው። ሌላው 0.12 ከ0.3 ይበልጣል የሚሉት ነው፤ 12 ከ3 ስለሚበልጥ። ከትንሽ ወደ ትልቅ አሰልፉ የሚል ጥያቄ ስጪያቸው፣ 0.3፣ 0.12፣ 0.045። ገልብጠው ከጻፉት የስህተቱን ፖስታ ይከፍታሉ፤ ውስጡ ባለ መቶ ካሬ ወረቀት አስገቢና 0.3ን እና 0.12ን ቀለም ይቀቡ። ለ0.045 አንዷን ካሬ ለሁለት መክፈል ሊያስፈልጋቸው ነው፤ እሱን እስኪደርሱበት ተያቸው።